የጋገረ ሰው ሲያማርር ያምርበታል

(ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ለተሰበሰቡ የምግብ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቅጂው ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ጨዋታው እንዳይበላሽ ብዬ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንዴት አመሻችሁ?

ኧረ ጠንከር በሉ፣ ገና እራት አልበላችሁም እንዴ? እንዴት አመሻችሁ? እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እዚያ ኋላ የቆማችሁትም ጭምር፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወደፊት ኑ፣ ወንበር አለ።

መድረክ መሪያችን "የምግብ ባለሙያ" ብሎ አስተዋወቀኝ። ባለሙያ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ ማታ ሊጥ አቦካለሁ፣ ደሞዝ የወጣ ሰሞን ደግሞ ከፒያሳ እስከ አዘዞ እየዞርኩ እበላለሁ። በቃ ሆዳም ነኝ። ስለዚህ እንደ ሼፍ አትስሙኝ፣ እንደ በላተኛ ስሙኝ።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ውጭ ስለ መብላት። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ስለ መጋገር። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ለምን አንድ ጉዳይ እንደሆኑ። እኔ ወሬ ከጀመርኩ ስለማልመለስ ሦስተኛውን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል። ቤቱ የሚጋግር ሰው ውጭ ሲበላ ማማረር ያውቅበታል። ማመስገንም ያውቅበታል። እኛ ጎንደሮች ግን ሁለቱንም አናውቅበትም።

አትቆጡ! አትቆጡ፣ ላስረዳ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ እንጀራው ዐይን ባይኖረው ዝም ትላላችሁ? አትሉም። "ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተደፈነው?" ትላላችሁ። የጋገረችው እናት ትሁን፣ ሚስት ትሁን፣ እህት ትሁን ትናገራላችሁ። ያው ሰውዬ ምግብ ቤት ገብቶ ጠርዙ የደረቀ እንጀራ ሲቀርብለት ምን ያደርጋል? ይበላል። አስተናጋጇ "ተስማማዎት?" ስትለው ምን ይላል? "በጣም ቆንጆ ነው!" ይላል። ከፍሎ፣ ጉርሻም ጨምሮ ይወጣል። በሩን ሲያልፍ ለጓደኛው "ሁለተኛ እዚህ ቤት እግሬን አላነሳም" ይላል። ነው ወይስ አይደለም? ሳቃችሁ፤ ነው ማለት ነው።

በነፃ የበላውን ያማርራል፣ ከፍሎ የበላውን ያመሰግናል። ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ አልገባኝም።

"ይሉኝታ ነው" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ግን ይሉኝታችን ማንን ጠቀመ? ጓዳ ያለችው ሴትዮ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስላት ያየችው ባዶ ሳህን ነው። "ወደውታል" ትላለች። ነገም ያንኑ ትሠራለች። ባለቤቱም ደንበኛው ለምን እንደቀረ ሳይገባው አንድ ቀን ይዘጋና ቤቱ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ይሆናል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማ ነው፣ ቤቱን አልጠራም። አሳ አማረኝ። ጣና አጠገባችን አይደል? ጎርጎራ ቅርብ ነው፣ እንግዲህ አሳ እዚህ ካልተበላ የት ይበላል ብዬ ገባሁ። አስተናጋጁን "አሳው ቆሮሶ ነው አምባዛ?" አልኩት። "አሳ ነው ጋሼ" አለኝ። "ገብቶኛል፣ ምን ዓይነት አሳ?" "የተጠበሰ።" "መቼ የመጣ ነው?" ልጁ ጨነቀው። እኔም አዘንኩለት፣ ግን አልተውኩትም። "እስቲ የምትሠራዋን ጠይቅልኝ" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ ራሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ከላይ እስከታች አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ "ወንድሜ፣ አሳው የሰነበተ ነው። ሽሮ ብሠራልህ ይሻልሃል" አለችኝ።

ሽሮው መጣ። በሸክላ፣ እየተንተከተከ። የደምቢያ ሽንብራ መሆኑን ጠይቄ አረጋገጥኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አልበዛ፣ በሶብላው የሚሸተው አፍ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ለእኔ ሜኑ አይቀርብም። እሷ የምትለኝን እበላለሁ። ሴትዮዋ ለካ ሐቀኛ ነበረች። ጠያቂ ነው ያጣችው። ስንቱ ጓዳ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሴት ቁጭ ብላ ይሆን?

ወደ ካፌ እንሂድ። እዚህ የካፌ ባለቤቶች እንዳላችሁ አይቻለሁ፣ አትደበቁ። የመስታወቱን ሣጥን ቁሙና እዩልኝ። ኬክ አለ፣ ክሬሙ ወፍራም። ቦምቦሊኖ አለ። ብስኩት አለ። ሳምቡሳ አለ። ሚልፎሊ አለ። ቀጣዩ ካፌ ሂዱ፣ ያው ነው። ከዚያ የሚቀጥለውም ያው ነው። ብዙው ጣሊያን ያስለመደን ነው፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ፒያሳችንን የሠራው ጣሊያን በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻዋን ምሽጉን የለቀቀው እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። ወታደሩ እጁን ሰጥቶ ሄደ፣ ማኪያቶው ቀረ። ደግ አደረገ፣ እኔ ያለ ማኪያቶ ሥራ አልጀምርም።

ግን ድፎ ዳቦ የት አለ? አነባበሮ የት አለ? ኅብስት የት አለ? ሠርግ ቤት አለ። ክርስትና ላይ አለ። ማኅበር ላይ አለ። ቡሄ ሲመጣ ነሐሴ 13 ልጆች ደጃፍ ለደጃፍ እየጨፈሩ ሙልሙል ይሰበስባሉ። የአገሪቱ ምርጥ ዳቦ ያለው በግብዣ ወረቀት ነው ማለት ነው! ዘመድ የሌለው፣ እንግዳ የሆነ፣ ካምፓስ የሚኖር ተማሪ ድፎ ቢያምረው ምን ያድርግ? ሰው እስኪዳር ይጠብቅ?

ለጥምቀት ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ፋሲል መዋኛው ዙሪያ መቆሚያ ይጠፋል። እንግዳው ፎቶውን አንስቶ፣ አብያተ መንግሥቱን ጎብኝቶ ይርበዋል። ፒያሳ ወጥቶ ምን ይበላል? ሳንዱች። ከሌላ አገር በልቶት የመጣውን ሳንዱች!

ይሄ ከተማ እኮ የግብር፣ የቤተ መንግሥት ድግስ ማለቴ ነው፣ ከተማ ነው። ዐፄ በካፋ ግቢ ውስጥ ያለውን ረጅም የግብር አዳራሽ ያላየ የለም። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እዚህ መጥቶ ያየውን ግብዣ ጽፏል። ጥሬ ሥጋው፣ በፊታቸው የተደረደረው የጤፍ እንጀራ፣ ሴቶቹ ሥጋውን ቆርጠው በእንጀራ ጠቅልለው ወንዶቹን ሲያጎርሱ። ለንደን ሲመለስና ሲያወራ ብዙ ሰው ውሸታም ነው አለው። ጉርሻ የማያውቅ ሰው እንዴት ይመን? እና የዚህ ግብር ልጆች፣ እኛ፣ ዛሬ ካፌ ገብተን "ኬክ ምን ምን አለ?" እንላለን።

እሺ፣ ተናደድኩ መሰለኝ። ውኃ ልጠጣ።

ሁለተኛው። መጋገር።

በተለይ ወንድሞቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። አያቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ እኔ ጓዳ ስገባ "ወንድ ልጅ እዚህ ምን ጠፋበት?" ትል ነበር። ምንም አልጠፋብኝም እማማ፣ ሊጡ ነው የጠራኝ። አሁን መሥሪያ ቤት "የኬኩ ሰውዬ" ነው የምባለው። ይበሉኝ። ሲበሉ እንጂ ሲያሙ አላየኋቸውም።

መጋገር የምትጀምሩ ልጆች ሁሉም ሰው ዩቲዩብ ከፍቶ ነው የሚጀምረው። ልክ ነው፣ እኔም አያለሁ። ግን ያቺ በቪዲዮ የምታዩዋት ሴትዮ ምናልባት ባሕር ዳርቻ ነው ያለችው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ውኃ ቆላ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ እዚህ ጎንደር ግን በ93 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ባቄላውና ሽንብራው እሳት የሚፈጅብን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ኬክ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው አየር ቶሎ ይነፋል፣ ኬኩ ሳይበስል ያብጣል፣ ከዚያ መሐሉ ቁጭ ይላል። "እጄ መጥፎ ነው" እያላችሁ የተዋችሁት አላችሁ አይደል? እጃችሁ ምንም አልሆነም። ከፍታው ነው።

ስለዚህ ጻፉ። በውጭ አሠራር 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ ሩቡን ቀንሱ። ለአንድ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ። ወተት ወይም ውኃ በአንድ ኩባያ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨምሩ፣ ምክንያቱም እዚህ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል። ኦቨኑን በ15 ዲግሪ ከፍ አድርጉት፣ ቅርጹን ቶሎ እንዲይዝ። ከዚያ በኋላ እንደ ዱቄታችሁና እንደ ኦቨናችሁ እያያችሁ ታስተካክላላችሁ።

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይዞ መጣ። የዳቦ መሐል 98 ዲግሪ ካልደረሰ አልበሰለም ብሎ ተከራከረን። ዳቦው ገባ። እሱ በየደቂቃው ይወጋዋል። 90፣ 91፣ 92፣ 93። ከዚያ ቆመ። "ኦቨናችሁ ይሰንፋል" ይለናል፣ የዳቦው ቂጥ እያረረ ነው። ኧረ ተው፣ ውኃ ያለበት ሊጥ ከውኃው መፍያ በላይ አይሞቅም፣ እዚህ መፍያው 93 ነው አልኩት። አላመነኝም። እናቴ መጥታ ዳቦውን አወጣችው፣ ገለበጠችው፣ ቂጡን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። "በስሏል" አለች። ቴርሞሜትሩ ከእሷ ጣት ጋር ተስማማ፣ የተሸነፈው የአጎቴ ልጅ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሌሎቹም አሉ። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ታዲያ ኬክ የለም? አለ! የእህቴ ልጅ ልደት ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ልጅቷ ኬክ ትላለች፣ እናቴ ጾም ትላለች። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ትንሽ ጨው፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ቤኪንግ ሶዳ። እንቁላል ምን ያደርጋል? ያያይዛል፣ ይነፋል። መንፋቱን ብርቱካኑና ሶዳው ይሠሩታል፤ የብርቱካኑ ኮምጣጣነት ሶዳውን ሲያገኘው ያረፋል፣ ያ አረፋ ነው ኬኩን የሚያነሳው። ስለዚህ ከደባለቃችሁ በኋላ ስልክ ማንሳት የለም። ወዲያው ወደ ኦቨን።

ገባ። ቤቱ በብርቱካን ሽታ ታወደ። ልጆቹ ኦቨኑን ከበቡት። ግማሽ ሲደርስ... ምን ሆነ? እናንተው በሉት። መብራት ሄደ! እናንተም ደርሶባችኋል ማለት ነው።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አክስቴ ከሳሎን ተነስታ መጣች። በሕይወቷ ኦቨን ነክታ አታውቅም። "አንተ ልጅ፣ ዞር በል እስቲ" አለችኝ። ትልቅ የብረት ድስት አስመጣች፣ ታች ሦስት ጠጠር አስቀመጠች፣ የኬኩን ቆርቆሮ በጠጠሮቹ ላይ አሳረፈች፣ ከደነችው፣ ከሰል ላይ ጣደችው፣ ክዳኑ ላይም ፍም በተነችበት። ድፎ እንደምትደፋ አደረገችው እንግዲህ፣ እሳት ከላይ እሳት ከታች። መብራቱ ሳይመጣ ኬኩ በሰለ። ትንሽ ጭስ ጭስ ይል ነበር፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ጭስ ብርቱካኑን አሳመረው። እናቴ ግን ከመቅመሷ በፊት "እንቁላል የለበትም? ወተትስ? ማልልኝ" ብላ አስማለችኝ።

ድፎን ካነሳሁ ላይቀር፣ ኮባውን አትናቁት። ደቡቦች እንሰቱን ቆጮ አድርገው ይበሉታል፣ እኛ ቅጠሉን ለዳቦ እንፈልገዋለን። ጥቅሙ ሊጡ ምጣድ እንዳይዝ ብቻ አይደለም። እንፋሎቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ስለዚህ የዳቦው ቅርፊት ይለሰልሳል፣ ያ የበዓል ሽታ የምትሉት ግማሹ ከኮባው ነው የሚመጣው። እሳት ላይ ለብ አድርጉት፣ አይቀደድባችሁም። ሊጡን ደግሞ አትቸኩሉበት። በደንብ ታሽቶ፣ ኩፍ ብሎ፣ ተመልሶ ታሽቶ፣ እንደገና ኩፍ ይበል። ጥቁር አዝሙድና ድንብላሉን አትሰስቱ። የወገራ ስንዴ ካገኛችሁ አስፈጭታችሁ ከፈርኖ ዱቄት ጋር ደባልቁት፤ ፈርኖ ብቻውን ይነፋል እንጂ ጣዕሙ ሳሳ ያለ ነው።

እንጀራ ላይ አልገባም፣ እናቶች እያሉ እኔ ምን አውቄ። አንድ ነገር ብቻ፣ ለተማሪዎቹ። አብሲት ለምን እንደሚጣል ታውቃላችሁ? ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር የለውም። ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በፈላ ውኃ ሲበስልና ሲመለስ ያ የበሰለው ክፍል አየሩን ይይዛል። ዐይኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። እናቶቻችን ይሄንን ላቦራቶሪ ሳይገቡ አወቁት።

አሁን ወደ ምግብ ቤቱ ልመልሳችሁ።

አንዴ ስትጋግሩ ምላሳችሁ ይለወጣል። ካፌ ውስጥ ኬክ ቆርሳችሁ መጨረሻ ላይ ሳሙና ሳሙና ካላችሁ፣ ሶዳው ወይም ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቷል። ዳቦው ጠዋት እንደ ጥጥ ሆኖ ማታ ከተፈረፈረ፣ እርሾ ተጭኖበት በጥድፊያ ነው የተነሳው። እንጀራው ትኩሱን ነጭና ቆንጆ ሆኖ ሲውል ጠርዙ ከተሰባበረ፣ ምናልባት ሩዝ ገብቶበታል። ሩዝ ከፎገራ ይመጣል፣ ጤፍ ተወዷል፣ ቢደባልቁ አልፈርድም። ግን ንገሩኝ! የጤፍ እንጀራ ብለው የጤፍ ዋጋ አያስከፍሉኝ።

"አይጥምም" ብቻ ብላችሁ ብትናገሩ ማን ይሰማችኋል? ስድብ ነው የሚመስለው። "እህቴ፣ ኬኩ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩ በዛ መሰለኝ" ስትሉ ግን ሴትዮዋ ቀና ብላ ታያችኋለች። ሠሪ ከሠሪ ጋር ነው የምታወሩት። አጠያየቁም አለው። ጮክ ብሎ፣ ሰው ፊት፣ አስተናጋጁ ላይ አይደለም። ልጁ አልሠራውም፣ ደሞዙም ትንሽ ነው። ግማሹን ከበላችሁ በኋላም አይደለም። በመጀመሪያው ጉርሻ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ለሠራችው።

ሲጥማችሁም እንደዚያው። ለአስተናጋጁ "ቆንጆ ነው" ማለት ምንም አይደርሳትም። ተነሱ፣ ጓዳው በር ድረስ ሂዱ፣ "እጅሽ ይባረክ፣ ቁሌቱን በደንብ አብስለሽዋል" በሏት። አዘዞ መንገድ ላይ ታፔላ የሌለው አንድ ቁርስ ቤት አለ፣ እንጀራው ከምጣድ ሲወርድ ቋንጣ ፍርፍሩ ይደርሳል። እዚያ ይህን ስል ሴትዮዋ ደነገጠች። "ምን አጠፋሁ?" ነው ያለችኝ። አያችሁ? ደንበኛ ጓዳ ድረስ መጥቶ የሚያናግራት ለጠብ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሰዓትህ አልቋል እያሉኝ ነው። አንድ ጥያቄ ለካፌ ባለቤቶች አለኝ፣ ከዚያ እወርዳለሁ። ሙሉ ሜኑ ቀይሩ አላልኩም። ከመስታወቱ ሣጥን አንድ መደርደሪያ ስጡን። ቅዳሜ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ፣ በቁራጭ፣ ከቡና ጋር። ካልተሸጠ ተዉት። የሚጋግርላችሁ ከጠፋ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት እናት አለች፣ በየቤቱ ስንት ባለሙያ ሴት ሥራ ፈልጋ ተቀምጣለች። እናንተ ደግሞ ተማሪዎች፣ ነገ ማኪያቶ ስታዙ "ድፎ አላችሁ?" በሉ። "የለም" ይሏችኋል። ከነገ ወዲያም ጠይቁ። መቶ ሰው ከጠየቀ ማንም ነጋዴ ዝም አይልም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ እማማ፣ ከእርስዎ እንጀምር፣ ማይክ ስጧቸው። ምን አሉኝ? "ኦቨን የሌለን ምን እናድርግ?" እማማ፣ ኦቨንማ አለዎት! ያንን የብረት ድስትዎን ያውጡ፣ ሦስት ጠጠር ይጠቡ፣ የቀረውን አክስቴ እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እሷ ታስረዳዎታለች። አክስቴ፣ ተነሺ እንጂ!